ቅጹ «በጣም ጥሩ» ይላል፣ ክፍሉ ግን እንደ ድሮው ነው

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣

በአዲስ አበባ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል በሚያስተምር አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር ነኝ። ዕድሜዬ 32 ነው። ዘንድሮ መስከረም ላይ አንድ ድርጅት ከክፍለ ከተማው ጋር ተነጋግሮ የመምህራን ስልጠና ፕሮጀክት አመጣልን። ርዕሱ ተከታታይ ምዘና ነው፤ የተማሪውን መረዳት እስከ ሴሚስተር መጨረሻ ሳይጠብቁ በየጊዜው ማየት ማለት ነው። ርዕሰ መምህራችን «አንቺ ምሪው» ብለው ሰጡኝ። 46 መምህራን በሦስት ቅዳሜ ሰለጠኑ። አሰልጣኙ ጎበዝ ነበር፣ ሻይ ቡናም አልጎደለም፣ አበል ተከፈለ፣ ሁሉም ፈረመ። መጨረሻ ላይ ያስሞላነው ቅጽ ከሞላ ጎደል ሁሉም «በጣም ጥሩ» ነው።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ክፍል ገብቼ ሳይ ምንም የተለወጠ ነገር የለም። ድሮም ቴስት፣ አሁንም ቴስት። ምልከታ ስጀምር ደግሞ መምህራኑ ተቀየሙኝ። 27 ዓመት ያስተማሩ አንዲት መምህርት «ልጄ፣ እኔ ስንቱን ስልጠና አሳልፌያለሁ፤ ይሄም ያልፋል» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ።

ድርጅቱ እስከ ጥር መጨረሻ የግምገማ ሪፖርት ይፈልጋል። ከወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ደግሞ «የተማሪ ውጤት በስንት ፐርሰንት ጨመረ?» ይሉኛል። ለሁለተኛው ሴሚስተር የሁለት ቅዳሜ በጀት ቀርቷል። እንዴት ልምራው? እንዴትስ ልገምግመው? ሪፖርቱ ላይ ምን ልጻፍ? ሰርተፊኬቱን አሁን ልስጣቸው ወይስ ለውጥ እስካይ ልያዘው?

ምክትሏ፣ ከአዲስ አበባ

እህቴ፣

ቅጹ ላይ ያለውን ትተሽ ክፍል ገብተሽ ማየትሽ ደስ ብሎኛል። ብዙ ቦታ ስልጠና የሚያልቀው ፊርማው ሲሰበሰብ ነው። አንቺ ከፊርማው በኋላ ምን ሆነ ብለሽ ጠይቀሻል። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ሊስተካከል ይችላል።

ከደብዳቤሽ የገባኝ ዋናው ችግር ይህ ነው። ስልጠናውን ለመገምገም ብለሽ ክፍል ስትገቢ፣ መምህራኑ እነሱን ልትገመግሚ የመጣሽ መስሏቸዋል። አይፈረድባቸውም። በእኛ ትምህርት ቤቶች ምክትል ርዕሰ መምህር ወረቀት ይዞ ኋላ ወንበር ላይ ከተቀመጠ ትርጉሙ የታወቀ ነው፤ የሥራ አፈጻጸም ሊሞላ ነው። ያ ውጤት ከደረጃ እድገት ጋር ይያያዛል። ከመለስተኛ መምህር ወደ መምህር፣ ከዚያም ወደ ከፍተኛ መምህር ለማደግ ነጥቡ ያስፈልጋል። ደመወዝ ነው፣ የቤት ኪራይ ነው። ሰው እንጀራው በሚወሰንበት ሰዓት አዲስ ዘዴ አይሞክርም። የለመደውንና የማይስተውን ነው የሚያሳይሽ። ስለዚህ «ምንም አልተለወጠም» ያልሽው ራሱ ሙሉ እውነት ላይሆን ይችላል። ሳትኖሪ የሚሞክሩ መምህራን ይኖራሉ፤ አንቺ ስትገቢ ግን ወደ ቴስቱ ይመለሳሉ።

እንግዲህ መጀመሪያ እነዚህን ሁለት ነገሮች ለያዪያቸው። አሁን የሚመዘነው ስልጠናው ነው። መምህሩ በሌላ ቀን፣ በሌላ ቅጽ ይመዘናል።

ይህን በቃል ብቻ ብትዪው ማንም አያምንሽም። ርዕሰ መምህራችሁ ዘንድ ግቢና አንድ ገጽ ወረቀት አዘጋጁ። ለዚህ ፕሮጀክት ተብሎ ክፍል ውስጥ የሚታይ ነገር የሥራ አፈጻጸም ምዘና ውስጥ አይገባም። የመምህሩ ስም አይጻፍም። ለሱፐርቫይዘርም በስም አይነገርም። እሳቸው ይፈርሙበትና በመምህራን ስብሰባ ላይ ራሳቸው ያንብቡት። ካንቺ ይልቅ ከእሳቸው ሲሰሙት ለመምህራኑ ክብደት ይኖረዋል፤ ውጤቱን የሚያጸድቁት እሳቸው ናቸውና። ልጅ የሚመታ ወይም የሚያዋርድ መምህር ካየሽ ግን ይህ ስምምነት አይሸፍነውም። እሱ ወዲያው፣ በራሱ መንገድ የሚያዝ ጉዳይ ነው። ይህንንም እዚያው ወረቀት ላይ አስገቡት፤ በኋላ «አታለላችሁን» የሚል እንዳይመጣ።

ከዚያ በኋላ ቃሉ መጠበቅ አለበት። አንድ መምህር በፕሮጀክት ምልከታ የታየበትን ድክመት ሰኔ ላይ ውጤቱ ውስጥ ካገኘው፣ የቀሩት 45ቱ እስከ ማታ ይሰማሉ። ከዚያ በኋላ ለስንት ዓመት በር አይከፈትልሽም።

አሁን ወደ ቅጹ ልምጣ። «በጣም ጥሩ» ውሸት ነው አልልሽም። አዳራሹ ጥሩ ነበር፣ አሰልጣኙ አላሰለቸም፣ አበሉ በሰዓቱ ተከፈለ። መምህራኑ የተጠየቁትን መልሰዋል። ዶናልድ ኪርክፓትሪክ የሚባል አሜሪካዊ በ1959 እ.ኤ.አ. ስለ ስልጠና ግምገማ ሲጽፍ የሰልጣኙን ስሜት የመጀመሪያው እርከን ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ሰልጣኙ ምን ተማረ፣ ከዚያ ሥራው ላይ ምን ለወጠ፣ በመጨረሻ ምን ውጤት መጣ ብሎ ይቀጥላል። ቶማስ ገስኪ የተባለ የትምህርት ምሁር በኋላ ለመምህራን ስልጠና አምስት እርከን ሲያወጣ መሃል ላይ አንድ ሌላ ጥያቄ አስገባ። ትምህርት ቤቱ ራሱ ለውጡን ደግፏል ወይ? የሚል። ከአምስቱ ለእኔ ትልቁ ይኸኛው ነው። ብዙዎቻችን ዘለን የምናልፈውም እሱን ነው።

ስልጠናው ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ሲል አንድ አጭር የመውጫ ጥያቄ ጠይቁ፣ ልጁ ያልገባውን ለዩ፣ በማግስቱ አርሙ አለ እንበል። መምህሩ ሰኞ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። 55 ልጅ ይጠብቀዋል። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ዲፓርትመንቱ በሴሚስተሩ ይህን ያህል ቴስት፣ ይህን ያህል የቤት ሥራ፣ ይህን ያህል የቡድን ሥራ ሮስተር ላይ ይግባ ይላል። ወረቀት ለማባዛት ሦስት ሰው ማስፈረም አለበት። የትምህርቱ ይዘት እስከ ጥር የተባለው ምዕራፍ ካልደረሰ «ወደኋላ ቀረህ» ይባላል። ይህ መምህር ስልጠናውን ከልቡ ቢወደውም ሮስተሩን ነው የሚመርጠው። የሚጠየቀው በሮስተሩ ነዋ! ስለ መውጫ ጥያቄው ማንም አይጠይቀውም።

ስለዚህ «መምህራኑ ለምን አልተገበሩትም?» ከማለትሽ በፊት «እኛ ቢሮ ውስጥ ያለነው ምን አስቸገርናቸው?» ብለሽ ጠይቂ። ስም በሌለው ወረቀት ላይ ሁለት ጥያቄ ብቻ ይበቃል። ከስልጠናው የትኛውን ሞከራችሁ? ያልሞከራችሁት ምን ስለከለከላችሁ ነው? የሚመጣው መልስ እኔ ከምነግርሽ ይበልጣል። የወረቀት ነገር ይነሳል፣ የሮስተሩ ብዛት ይነሳል፣ የተማሪው ቁጥር ይነሳል። ከእነዚህ ውስጥ አንቺና ርዕሰ መምህሩ በዚያው ሳምንት ልትፈቱት የምትችሉትን አንድ ነገር ምረጡና ፍቱት። ለምሳሌ በሮስተሩ ላይ ከሚጠየቁት ቴስቶች አንዱን አንሡ። መምህራኑ ከስልጠናው በኋላ የቢሮው ሥራ እንደተለወጠ ሲያዩ ነው የክፍላቸውን ሥራ መለወጥ የሚጀምሩት።

ተከታታይ ምዘና በ1986ቱ የትምህርትና ስልጠና ፖሊሲ ውስጥ የገባ ነገር ነው። ከ30 ዓመት በላይ ሆነው። በብዙ ክፍል ውስጥ ግን የተረፈን ተከታታይ ፈተና ነው። ከአምስት ይታረማል፣ ከአሥር ይታረማል፣ ይደመራል፣ ይገባል። ማክሰኞ የተሳተው ነገር ረቡዕ አይስተካከልም። እኛም ይህንኑ ስልጠናውን ራሱ ላይ ደገምነው። መምህራንን «የተማሪውን መረዳት እስከ ሴሚስተር መጨረሻ አትጠብቁ» ብለን አሰልጥነን፣ ስልጠናው ገብቷቸው እንደሆነ የጠየቅነው በመጨረሻው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። በሁለተኛው ሴሚስተር ይህን ለውጪ። ከአንድ ትልቅ ግምገማ ይልቅ በየሁለት ሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እዪ።

ግን ምኑን ነው የምታዪው? እዚህ ላይ ጠበቅ ልበል። «ተከታታይ ምዘና» በጣም ሰፊ ነው። ማንም ገብቶ አለ ወይም የለም ሊል አይችልም። አንድ ተግባር ብቻ ምረጡ። እኔ ብሆን የመውጫ ጥያቄውን እመርጥ ነበር፤ ምክንያቱም አይከብድም፣ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ደግሞ በዓይን ይታያል። ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀር መምህሩ አንድ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። ልጆቹ ከደብተር በተቀደደ ቁራጭ ወረቀት ላይ መልሰው ይሰጣሉ። ማርክ የለውም። ይህ ዋናው ነው። ማርክ ካለው ልጆቹ ይኮራረጃሉ፣ መምህሩም እርማት ተጨመረብኝ ብሎ ይተወዋል።

ምሳሌ ልስጥሽ። 5ኛ ክፍል፣ ሂሳብ፣ ክፍልፋይ። ጥያቄው «ከአንድ ሦስተኛና ከአንድ አራተኛ የትኛው ይበልጣል? ለምን?» የሚል ይሁን። ብዙ ልጅ አንድ አራተኛ ይላል፤ አራት ከሦስት ይበልጣላ! መምህሩ ቁራጮቹን ሦስት ቦታ ይከምራቸዋል። መልሱንም ምክንያቱንም ያገኙ። መልሱን አግኝተው ምክንያቱን ያልጻፉ። የሳቱ። ማርክ ስለማይሰጥ የ55 ልጅ ወረቀት በዕረፍት ሰዓት ሻይ እየጠጡ ይለያል። በማግስቱ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ትልቁ ክምር የሚያስፈልገውን ይሆናሉ። የሳቱት ከበዙ አንድ ዳቦ ሰሌዳ ላይ ስሎ ለሦስትና ለአራት ይቆርሳል። ምክንያት ያልጻፉት ከበዙ ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ለምን እንደሆነ እንዲነጋገሩ ያደርጋል። ይኸው ነው። ተከታታይ ምዘና ክፍል ውስጥ ሲገባ ይህን ይመስላል።

የምታዪው ነገርም ከዚህ ይወጣል። ጥያቄው ተጠየቀ? መምህሩ መልሶቹን ለየ? በማግስቱ የትምህርቱ አጀማመር ተለወጠ? ሦስተኛው ነው የሚከብደው። የመጀመሪያውን ብዙ ሰው ያደርገዋል። ወረቀቱ ተሰብስቦ ጠረጴዛ ላይ የሚቀርበት ክፍል ብዙ ይሆናል፤ አትደንግጪ፤ በዚያ ደረጃ መቆየት የተለመደ ነው። ግን ሪፖርትሽ ላይ ሦስቱን ለያይተሽ ጻፊያቸው። «ተግባራዊ ተደርጓል» የሚለው ቃል ሦስቱንም ይደፈጥጣቸዋል።

አሁን ስለ ክፍል መግባቱ። መጀመሪያ አንቺ ታዪ። አንድ ክፍል ውሰጂ፣ የመውጫ ጥያቄውን ራስሽ አስተምሪበት፣ ከመምህራኑ ፈቃደኛ የሆኑት ኋላ ተቀምጠው ይመልከቱሽ። ጥያቄሽ ቢከብድ፣ ሰዓት ቢያልቅብሽ ምንም ችግር የለውም። እንዲያውም «ሰዓቱ ያለቀብኝ የት ላይ ነው?» ብለሽ ጠይቂያቸው። መምህራን ስለ ሌላ ሰው ትምህርት መናገር ይችሉበታል። አለቃ የሆነ ሰው ራሱን ለአስተያየት ሲያቀርብ ደግሞ የክፍሉ አየር ይለወጣል።

ከዚያ በኋላ አንቺ ብቻ አትዙሪ። 46 መምህር ዞረሽ አትጨርሺም። ሁለት ሁለት እየሆኑ አንዱ የሌላውን የመጨረሻ 15 ደቂቃ ይይ። «ባዶ ክፍለ ጊዜ የለንም» ይሉሻል፣ ልክ ናቸው። አንቺ፣ ርዕሰ መምህሩና ቤተ መጻሕፍት ያሉት ባልደረባ የአንዱን ክፍል ለ15 ደቂቃ ያዙለት፤ እሱ ሄዶ አይቶ ይመለስ። ብሩስ ጆይስና ቤቨርሊ ሻወርስ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በጻፉት ውስጥ ደጋግመው ያሳዩት ይህንኑ ነው። ገለጻና ማሳያ ብቻ ያገኘ መምህር አዲሱን ዘዴ ክፍሉ ውስጥ የማስገባቱ ነገር ደካማ ነው፤ ከጎኑ የሚያይና የሚያግዝ ባልደረባ ሲኖረው ግን ይሰነብታል። የእኛም የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ መመሪያ ይህን ያውቀዋል። ለእያንዳንዱ መምህር በዓመት 60 ሰዓት የሚለው ለትምህርት ሳምንታት ሲካፈል በሳምንት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ያ ሰዓት ብዙ ቦታ ፖርትፎሊዮ፣ ማለትም የመምህሩን የሥራ ማስረጃ ማኅደር፣ ማስዋቢያ ሆኖ ቀርቷል። አንቺ ጥንዶቹ ያዩትን የሚነጋገሩበት አድርጊው።

27 ዓመት ስላስተማሩት መምህርት ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልበል፤ ደብዳቤሽ ውስጥ ከሁሉም የያዘኝ እሳቸው ናቸው። «ይሄም ያልፋል» ያሉት በትዕቢት አይመስለኝም። አሳታፊ የማስተማር ዘዴ ሲባል ሰልጥነዋል። የትምህርት ቤት ማሻሻያ ሲባል ኮሚቴ ገብተዋል። 1 ለ 5 የቡድን አደረጃጀት ሲባል ተደራጅተዋል። አዲስ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ እንደገና ሰልጥነዋል። ሁሉም በትልቅ ስብሰባ ተጀምሮ በዝምታ ቀረ። ሰው ይህን ያህል ጊዜ ካየ በኋላ ቢጠራጠር ትክክል ነው። እሳቸውን ለማሳመን አዲስ ገለጻ አታዘጋጂ። ሄደሽ እንዲህ በያቸው፤ «እማማ፣» ወይም በቤታችሁ እንደምትጠሯቸው፣ «ልጆቹ እንዳልገባቸው እርስዎ በምንድን ነው የሚያውቁት?» ከዚያ ዝም ብለሽ ስሚ።

ይህን የምልሽ ለማግባባት ዘዴ ብዬ አይደለም። መልስ ስላላቸው ነው። ይህን ያህል ዘመን ያስተማረ ሰው የልጅ ዓይን ያነባል፤ ከሦስተኛው ረድፍ ዝም ያለው ልጅ ገብቶት ይሁን ፈርቶ ያውቃል። ችግሩ 55 ልጅ ሲሆን ዓይኑ ሁሉንም አይደርስም። የመውጫ ጥያቄው ለእሳቸው የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። «እርስዎ ፊት ለፊት ላሉት የሚያደርጉትን ይህ ቁራጭ ወረቀት ከኋላ ላሉትም ያደርግልዎታል» ብትያቸው ቃሉ ከልምዳቸው ጋር ይገናኛል። ካልፈለጉ ደግሞ ይህን ሴሚስተር ተያቸው። ጎረቤታቸው ክፍል ሲሠራ ይዩት። በግድ «ሞዴል መምህርት» አድርገሽ ስብሰባ ፊት አታቁሚያቸው።

ቅዳሜውን በተመለከተ፣ ቀሪውን በጀት እንደገና ቅዳሜ ላይ አታውዪው። ብዙ መምህር ቅዳሜ ልጆች እያስጠና ነው ኑሮውን የሚደጉመው፤ ላንቺ አዳራሽ ሲመጣ ያንን ገቢ ትቶ ነው። አበሉም አስፈላጊ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ሰው በአበል ተጠራ ብሎ መናቅ ተገቢ አይደለም። ድርጅቱን በደብዳቤ ጠይቂ። የአንዱ ቅዳሜ ገንዘብ ለወረቀት፣ ለማባዣና ለሥራ ቀን ሻይ ቡና ይዙርልን በይ። ሁለተኛዋን ቅዳሜ ያዢያትና መጋቢት ላይ ተጠቀሚባት። ያን ቀን የውጭ አሰልጣኝ አትጥሪ። መምህራኑ ከክፍላቸው የተሰበሰበ ትክክለኛ ቁራጭ ወረቀት ይዘው ይምጡ፤ አብረው ይለዩ፣ በማግስቱ ምን እንዳደረጉ ይነጋገሩ። ድርጅቱ እምቢ ካለም አበሉ በተፈቀደው ልክ ይከፈል፤ የቀኑ ይዘት ብቻ ይለወጥ።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ። «ውጤት በስንት ፐርሰንት ጨመረ?» ይሉሻል። የሴሚስተር አማካይ ወስደሽ ካምና ጋር አነጻጽረሽ ቁጥር መስጠት ትችያለሽ። አታድርጊው። ያንን ማርክ የሚሰጡት እየተገመገመ ያለውን ስልጠና የወሰዱት መምህራን ራሳቸው ናቸው። ፈተናው ካምናው ይቅለል ይክበድ አይታወቅም። ማርክ እንዲጨምር የሚፈልግ ቢሮ ካለ ደግሞ ማርክ ይጨምራል፣ ትምህርት ሳይጨምር። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ተሰጥቶ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ታስታውሻለሽ። እነዚያ ልጆች እዚያ የደረሱት በየዓመቱ ሮስተር ላይ እያለፉ ነበር። ሮስተር ልጆቹ የቱ ጋ እንዳሉ ሳይነግረን ስንት ዓመት እንደኖረ ያን ጊዜ አየነው። አንቺም በዚያ ሮስተር ላይ ተደግፈሽ ፐርሰንት አታውጪ።

ሌላ መንገድ አለ። ለምሳሌ ከ4ኛና ከ5ኛ ክፍል ጀምሩ እንበል። በሁለተኛው ሴሚስተር መጀመሪያ ግማሾቹ ሴክሽኖች የመውጫ ጥያቄውን ይጀምሩ፣ ግማሾቹ ከስምንት ሳምንት በኋላ ይጀምሩ። መጀመሪያ የሚጀምረውን በዕጣ ለዩ። አለበለዚያ ጎበዝ መምህር ያለበት ክፍል ብቻ ቀድሞ ይገባና ንጽጽሩ ዋጋ ያጣል። ከመጀመራችሁ በፊት ለሁሉም ሴክሽን አንድ ዓይነት አጭር ጥያቄ ስጡ፤ ስምንት ወይም አሥር ጥያቄ፣ ማርክ የሌለው። ከስምንት ሳምንት በኋላ በዚያ ጊዜ ከተማሩት ተመሳሳይ ክብደት ያለው ስጡ። እርማቱን ክፍሉን የማያስተምር መምህር ያርመው። ልዩነት ከታየ ጥሩ ነው። ካልታየም ተስፋ አትቁረጪ፤ ስምንት ሳምንት አጭር ነው፣ የሴክሽኖቹም ቁጥር ትንሽ ነው። በዚህ ቁጥር «ስልጠናው ውጤት አመጣ» ብሎ መማል አይቻልም፣ «አላመጣም» ብሎ መደምደምም እንደዚያው። ግን ከማርክ አማካይ እጅግ የተሻለ መረጃ ነው።

ከቁጥሩ ጎን የልጆቹን ደብተር ተመልከቺ። ከየሴክሽኑ ጥቂት ደብተር በዕጣ አውጪ። ልጁ ስህተቱን መልሶ የሠራበት ቦታ አለ? ወይስ ቀይ ኤክስ ብቻ ነው? ደብተር ለሱፐርቫይዘር ተብሎ በአንድ ሌሊት አይሞላም።

ሪፖርቱ የሚደርሰው ግን ጥር ላይ ነው፤ ይህ ሁሉ ደግሞ ገና ይጀመራል። ስለዚህ የጥር ወሩን ሪፖርት አጭርና ቀጥተኛ አድርጊው። እንዲህ ብለሽ ጀምሪ፦ «46 መምህራን ሰልጥነዋል። በስልጠናው አቀራረብ ረክተዋል። በክፍል ውስጥ አተገባበሩ እስካሁን ደካማ ነው። ለዚህም መምህራኑ የገለጹት ምክንያት የሚከተለው ነው።» ከዚያ ስም በሌለው ወረቀት ላይ ያገኘሽውን ጻፊ። ቀጥለሽ ትምህርት ቤቱ ከእነዚህ ውስጥ የፈታውን፣ ከዚያ ለሁለተኛው ሴሚስተር ያሰባችሁትን። ስለ ተማሪ ውጤት «በዚህ ደረጃ ልንለካው አንችልም፤ ከየካቲት ጀምሮ በዚህ መንገድ እንለካለን» ብለሽ መንገዱን አስቀምጪ። «አተገባበሩ ደካማ ነው» ብሎ መጻፍ እንደሚያስፈራ አውቃለሁ። የገንዘብ ምንጩ ይደርቃል ብለሽ ትሰጊ ይሆናል። ነገር ግን ጥር ላይ ሁሉም ተሳክቷል ካልሽ፣ ሰኔ ላይ የምታሳዪው ለውጥ ከምን ተነሥቶ የመጣ ይባላል? ደግሞም በደከመበት ቦታ ለይቶ የሚነግራቸው ትምህርት ቤት ማግኘት ለድርጅቱም ብርቅ ነው።

ወረዳው ላይ የሚጠይቅሽን ባለሙያ ሪፖርቱ ከመድረሱ በፊት በአካል አግኚው። እሱም ከበላዩ የሚሞላው ሠንጠረዥ አለበት። «ፐርሰንት አሁን የለኝም፤ ግን ስንት መምህር ጥያቄውን እንደጠየቀ፣ ስንቱ እንደለየ፣ ስንቱ በማግስቱ እንዳስተካከለ በየወሩ እሰጥሃለሁ» በይው። ቁጥር ነው የሚፈልገው፤ ይኸም ቁጥር ነው፣ ያውም እውነተኛ። ስም ግን አትስጪው። ከጠየቀሽ ርዕሰ መምህሩ የፈረሙበትን ወረቀት አሳዪው።

ሰርተፊኬቱን አትያዢው። ሦስት ቅዳሜ መጥተው ተቀምጠዋል፣ እንደሚሰጣቸውም ተነግሯቸዋል፤ ይገባቸዋል። መያዣ ካደረግሽው ከላይ የነገርኩሽ መተማመን ከመጀመሩ ያልቃል። ወረቀቱ ላይ «ሰልጥነዋል» ከነሰዓቱ ይጻፍ፤ «ብቁ ናቸው» አይበል። በሁለተኛው ሴሚስተር የሠሩትን ደግሞ ራሳቸው በፖርትፎሊዮአቸው ያኑሩት፤ ጥያቄያቸውን፣ ጥቂት የልጆች መልስና በማግስቱ ምን እንዳደረጉ በአንድ ገጽ። ሰርተፊኬቱን ከጥር ወሩ ፈተና በፊት አድርሺላቸው። ፈተናው ከጀመረ ሁሉም እርማት ውስጥ ይገባል፣ የሚሰማሽም አታገኚም።